የላውንደሪዋ ምሰሶ

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ በላውንደሪው ውስጥ፣ እንደ እሷ የተከበረ ሰው አልነበረም። ስንቱ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሄዷል፣ ስንቱ ማሽን ተበላሽቶ ተቀይሯል፤ እሷ ግን ከበሩ አጠገብ ካለው ትልቁ ማጠቢያ ዘንድ እንደቆመች ናት። «እንደቆመች» ሲባል ለወጉ አይደለም፤ የምሯን ነው የምትቆመው። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሴቶች በአንሶላው ክምር ላይ ዘፍ ዘፍ ሲሉ፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትጎርሳለች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ቢለቁላት፣ «ተቀመጥ የኔ ልጅ፣ እኔ መች ደከመኝና» ብላ የተነሣውን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ለዚህ ነው «ምሰሶ» ያሏት። ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ስሙ ግን በልኳ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ አለባት።

እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ክብደቱን አይገምተውም። ውሃው ተጨምቆ ወጣ የተባለው ራሱ እንደ ድንጋይ ነው። ምሰሶ ለሁለት ሰው የሚከፈለውን ሸክም ብቻዋን ከማጠቢያው አውጥታ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ማድረቂያው ዘንድ ታደርሰዋለች። አንዷ ላግዝሽ ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ «ዞር በይ፣ ወገብሽን ትቀጪና ባልሽ እኔን ይጠይቀኛል» ትላለች። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያሳዩት ማሽኑን አልነበረም፤ እሷን ነበር። እሷም ስትወደስ ባልሰማ አለፍ ትላለች እንጂ አንገቷ ቀና ሲል ያስታውቃል።

ምሰሶ የማትቀመጠው ግን ብርቱ ስለሆነች ብቻ አልነበረም። መቀመጥ ስለማትችል ነው።

ነገሩ የመጣው የመጨረሻ ልጇን፣ አሁን ማቀዝቀዣ ጠጋኝ የሆነውን ወንዱን፣ የወለደች ጊዜ ነው። ልጁ ግዙፍ ነበር፤ ምጡም ረጅም። ባሏ ያኔ ታሞ አልጋ ላይ ስለነበር የሚያርሳት አላገኘችም፤ ሰውነቷ ሳይጠና ወደ አንሶላው ተመለሰች። አንድ ቀን ጠዋት ሸክሟን ብድግ ስታደርግ፣ ውስጧ አንድ ነገር ከቦታው ለቆ ሸርተት ሲል ተሰማት። ማታ ስትታጠብ እጇ ለስላሳ ሥጋ ነካ፤ እንቁላል የሚያህል። ክው ብላ ቀረች። መሞቷ ነው ብላ አሰበች። ሲነጋ ግን አልሞተችም፤ ተነሥታ ሥራ ገባች።

ስትተኛ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስትሸከም ይወርዳል። ስትቆም ይጎትታታል፤ ስትቀመጥ ደግሞ ኳስ ላይ የተቀመጠች ያህል ይቆረቁራታል። ከሁለቱ መቆሙን መረጠች። ለማን ትንገር? ባሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እናቷ ቀድማ አልፋለች። ለጓደኞቿ እንዳትነግር ምን ብላ ትጀምረው? ስሙን እንኳ አታውቀውም። ጨርቅ አጥፋ ማድረግን፣ ጥቁር ቀሚስ መልበስን፣ በሥራ ሰዓት ውሃ አለመጠጣትን ራሷን በራሷ አስተማረች። ሰው ሁሉ «ምሰሶ! ምሰሶ!» ሲላት፣ ቀስ በቀስ እሷም አመነችው።

ልጇ አግብቶ ሚስቱን ወደ ቤት ያመጣት ጊዜ ምሰሶ ደስ ብሏታል፤ ግን ፊት አልሰጠቻትም። ምራቷ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ናት። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ የምትሮጥ፣ ስትናገር ፊሽካ የነፋች የምትመስል፣ የራሷን ቃል የማታጥፍ ሴት። ሁለት አንገተ ደንዳና በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሆኑ የታወቀ ነው፤ ጨው እንኳ ሁለቴ ይገባ ነበር።

ምራቷ ወለደች። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ሥራ ስትመለስ ግን ሜዳውን ትታ ቤተ መጻሕፍት እንድትመደብ ርእሰ መምህሩን ጠየቀች። ይህን የሰማች ዕለት ምሰሶ ልጇን ለብቻው ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደችው።

«ሚስትህን ምን ነካት? ስንት የሮጠች ሴት አንድ ልጅ ወልዳ መጽሐፍ ጠባቂ ትሁን? እኔ አንተን ወልጄ…»

«እማዬ፣ በናትሽ ተያት» አለ ልጇ። እሱም ነገሩ አልገባውም።

አንድ ቅዳሜ ቀን ሁሉም ቤት ነበሩ። ልጇ መሬት ተቀምጦ ቬንቲሌተር እየፈታ፣ ስለ አንድ ደንበኛው ያወራል። ሰውዬው ማቀዝቀዣዬ ተበላሸ ብሎ ከከተማው ዳር ድረስ አስጠርቶታል፤ ቢሄድ ሶኬቱ ተነቅሏል። «ጋሼ፣ መብራቱን አልሰኩትም እኮ ብለው፣ ‹ድሮ እንዲህ አላስቸገረኝም!› አለኝ» ብሎ የሰውዬውን ኩርፊያ ሲያስመስለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምራቷም ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሕፃኑን ለባሏ አቀብላ እየተጣደፈች በጓሮ በር ወጣች።

«ይቺ ሰው ሳቅም ከበዳት» ብላ ምሰሶ ተከተለቻት። ምራቷ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ አጎንብሳ ቀሚሷን ታሻለች። ታለቅሳለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም እማማ። ውሃ ፈሶብኝ ነው።»

ምሰሶ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ያጠበች ሴት ናት። ውሃ የፈሰሰበት ቀሚስ በሳሙና አይታሽም። እንዳላየች ሆና ልትመለስ ትችል ነበር፤ እግሯ ግን አልሄደላትም።

«ስትስቂ ነው የሚያመልጥሽ?» አለቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የምራቷ እጅ ቀጥ አለ። «ስስቅም፣ ሳስነጥስም፣ ስሮጥም። ገመድ ላዘልላቸው ብዬ አንዴ ዘልዬ በተማሪዎቼ ፊት… ለዚህ ነው ቤተ መጻሕፍት ያልኩት። ለባሌም አልነገርኩትም። ሴቱ ሁሉ ወልዶ ይነሣል፤ እኔ ብቻ ነኝ የፈረስኩት።»

«እኔ ብቻ» የምትለዋ ቃል ምሰሶን ወጋቻት። ስንት ሌሊት ለራሷ ያለችው ቃል ነበር።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለች። «እኔም… ወርዶብኛል።»

«ምኑ ነው የወረደብዎት?»

«ምኑን አውቄው! ሴትነቴ ነዋ። እዚህ ታች እንደ ኳስ ሆኖ ይወጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባልሽ ከተወለደ።»

ምራቷ በተከፈተው በር በኩል ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመውን፣ ጺሙ የተንዠረገገውን ሰውዬ አየችው። «የባሌን ዕድሜ ሙሉ?»

«ዕድሜውን ሙሉ። እሱስ አደገ፤ ይሄ ነው እንቢ ያለኝ።»

ምራቷ በእንባዋ መካከል ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አያስቁኝ እማማ፣ እንደገና ሊያመልጠኝ ነው!» ምሰሶም ገንዳውን ተደግፋ ሳቀች። ወጥ ቤት ውስጥ ያልታረቁ ሴቶች እዚያ ታረቁ።

በሳምንቱ አብረው የሴቶች ሕክምና ክፍል ሄዱ። መተላለፊያው ግራና ቀኝ በሴት ተሞልቶ፣ ሁሉም ቦርሳውን ጭኑ ላይ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ የልጇ እኩያ የምትሆን ሐኪም ተቀብላ፣ «ታካሚዋ የትኛችሁ ናችሁ?» አለች።

«እሷ ናት» አለች ምሰሶ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ምራቷ።

ሐኪሟ ሁለቱን እያየች ፈገግ አለች። «እሺ፤ በሩን ዝጉትና ሁለታችሁንም አያለሁ።»

ምሰሶ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ አልጋው ላይ ወጣች። ያን ሁሉ ዘመን የደበቀችውን ሐኪሟ በእርጋታ አየችው፤ አፍንጫዋን አልነፋችም፣ «ጉድ» አላለችም። «የማህፀን መውረድ ነው፤ ብዙ ሴት ላይ አያለሁ» አለች ጓንቷን እያወለቀች። «ማህፀንን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። አራት ሰው በየጫፉ ወጥሮ የያዘው አንሶላ በሉት። ወሊድ፣ ከባድ ሸክም፣ የማያባራ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከዚያ ማረጥ ሲጨመርበት ይላላል።»

«ያዦቹ ደክሟቸው ነዋ» አለች ምሰሶ።

«ልክ ነዎት እናቴ። የምራትዎንም አያለሁ፤ እንደነገረችኝ ከሆነ ከዚያው ጡንቻ ነው፤ እሷ ገና በእንቅስቃሴ ትጠግነዋለች። ግን እርስዎ እስከ ዛሬ ለምን ሳይመጡ ቀሩ?»

ምሰሶ አሰበችበት። «ስሙን አላውቀውም ነበር። ስሙን ለማላውቀው ነገር ምን ብዬ ካርድ ላውጣ?»

ሐኪሟ ስሙን ካርዱ ላይ ጻፈችላት። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረቻት፦ ማህፀኑን ወደ ቦታው መልሶ የሚደግፍ ለስላሳ ቀለበት በውስጥ ማስገባት፣ አለዚያ ቀዶ ጥገና። ቀለበቱ በየጊዜው ታይቶ መታጠብ አለበት፤ ካልተስማማት ቀዶ ጥገናው አይቀርላትም። ምሰሶ ቀለበቱን መረጠች። «ባሌ ሞቶ ከቀለበት ተገላገልኩ ስል፣ እናንተ ደግሞ አሰራችሁልኝ» ብላ ቀለበቱን ያስገባችላትን ነርስ በሳቅ አፈነዳቻት።

ሲወጡ ምሰሶ መተላለፊያው ላይ ካለ ወንበር ፊት ቆመች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ምንም አልቆረቆራት። ምራቷ «እንሂድ?» ብትላት፣ «ቆይ እስቲ» አለች፤ እንደ ልብ ተቀምጣ፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን እያየች።

ለምራቷ የተሰጠው ሕክምና ጡንቻውን ማሠልጠን ነበር፦ ሽንት እንደምትይዝ ጨምቆ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ፤ በየቀኑ፣ ሳይሰለቹ፣ ለወራት። ሐኪሟ ለምሰሶም አዝዛላታለች። የስፖርት መምህርቷ አሠልጣኝ ሆነች፤ ማታ ማታ ራት ላይ ዓይን ለዓይን ይተያዩና ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ጉርሻ በአየር ላይ ይቆማል። «ያዙ» ትላለች ምራቷ በጥርሷ መካከል። «ይዣለሁ፤ አንቺ ነሽ የለቀቅሽው» ትላለች ምሰሶ።

«ምኑን ነው የያዛችሁት?» አለ አንድ ቀን ልጇ ግራ ገብቶት።

ምራቷ ያን ማታ ሁሉንም ነገረችው። በማግስቱ ጠዋት እናቱ ፊት መጥቶ ተገተረ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ ይሄን ያመጣሁብሽ?»

«አንተም መጣህ፣ እሱም መጣ» አለችው፤ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች። «ባንተ አንድ ቀን አልቆጨኝም። ዝም በማለቴ ነው የምቆጨው። ሚስትህ እንደኔ ዝም እንድትል ካደረግህ ያኔ እንጣላለን።»

ላውንደሪ ውስጥ ነገሩ የወጣው በምሳ ሰዓት ነው። ምሰሶ ሳህኗን ይዛ መጥታ በአንሶላው ክምር ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ጉርሻቸው አፋቸው ውስጥ ቀረ። «ኧረ ምሰሶ ተቀመጠች! አሞሻል እንዴ?»

«አሞኝ ነበር፤ ዳንኩ» አለችና ከሀ እስከ ፐ ነገረቻቸው። ስሙን ሳታድበሰብስ፣ ማህፀን ብላ፣ ድምጿን ከማሽኑ በላይ ከፍ አድርጋ። አንዷ ዓይኗን ሸፈነች። ከዚያ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ «እኔን የወር አበባዬ ሲመጣ ራሴን እስክስት ይፈሰኛል፤ ተፈጥሮዬ ነው ብዬ ነው።» ሌላዋ ማሳከኩን፣ ሌላዋ ጠረኑን አነሣች፤ ለማንም ሳትናገር ከጓደኛዋ ቅባት ተውሳ ስትቀባ ኖራለች። ካውያ ላይ የምትሠራው ቀጭኗ ሴት ግን ሲበተኑ ምሰሶን ይዛ አስቀረቻት። «እኔ ካረጥኩ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ግን ደም አየሁ። ወጣትነቴ ተመለሰ ብዬ ሳቅኩ።»

ሐኪሟ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ትንሽም ቢሆን አይናቅም ስትል ምሰሶ ሰምታ ነበር። በማግስቱ ቀጭኗን ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ማህፀኗ ውስጥ ሊጀምር የነበረ ካንሰር ተገኘ፤ ሳይስፋፋ በቀዶ ጥገና ወጣ። ቀጭኗ አገግማ ወደ ካውያዋ ስትመለስ ሴቶቹ ማሽኑን አቁመው አጨበጨቡ። ሐኪሟ «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» ብላ እንደነበር ምሰሶ ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ምሰሶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች። ወጣት፣ ክራቫቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው።

«ለእርጥቡ አንሶላ ባለጎማ ጋሪ ይገዛልን» አለችው።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ያለ ጋሪ ሠርታችኋል። ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ማህፀን ብለህ ጻፍ።»

ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀላ። ምሰሶ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እርጥብ ሸክም ምን እንደሚያደርግ አስረዳችው። ስትጨርስ ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እናቴም ላውንደሪ ትሠራ ነበር» አለ። ጋሪዎቹ ወሩ ሳያልቅ ገቡ።

ምራቷ ወደ ሜዳዋ ተመልሳለች። መጀመሪያ ፈጣን እርምጃ፣ ኋላም ሩጫ፣ በመጨረሻ ገመድ ዘለለች፤ ደረቅ እንደሆነች። ትልልቆቹን ሴት ልጆች ስለ ሰውነታቸው ለማስተማር ከርእሰ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ለመነችና ምሰሶን ጋበዘቻት። «እንግዳችን አማቴ ናቸው» ብላ ስታስተዋውቃት ድምጿ ውስጥ የነበረው ኩራት ምሰሶን እንባ እንባ አላት።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «እንደዚህ ሲያወሩ አያፍሩም?»

«እንዴት አላፍርም? አሁንም አፍራለሁ» አለች ምሰሶ። «ግን እፍረቱ አለፍ ብሎ ይሄዳል፤ ሕመሙ ነው የማይሄደው። እናንተ ስሙን እወቁት። ሲያማችሁ ስሙን ጠርታችሁ ሐኪም ዘንድ ግቡ።»

ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወሉ ሲደወል ልጆቹ አልበተን አሉ፤ እየተጋፉ እስከ ግቢው በር ድረስ ተከተሏት። አንዷ ስለ ሆድ ቁርጠት፣ አንዷ ስለ እናቷ፣ አንዷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ሌላ ነገር ጠየቀቻት። ምሰሶ ለእያንዳንዷ ቆም እያለች መለሰች፤ ያላወቀችውን «ሐኪሟን እጠይቅልሻለሁ» አለች። ላውንደሪ ስትደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር።

«ዛሬ የት ቆየሽ?» አላት የላውንደሪው ሰዓት ተቆጣጣሪ።

«ሳስተምር» አለችና ሽርጧን አሰረች።