የፍሊፐሩ ግራ ቁልፍ

ልጄ ስልኬን ነጥቃኝ ስትጫወት ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ የፍሊፐር ጨዋታ ነው። የእውነተኛው ደወል እንዲህ የታፈነ አልነበረም፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ያኔ ሰበታ፣ ኦቦ ገመቹ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ እሠራ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ቡና ቤታቸው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ውስጡ የቀረው አንድ አሮጌ የፍሊፐር መጫወቻ ማሽን ነው። መስታወቱ ላይ መርከበኞች ተስለውበታል፤ ነጥቡ እንደ መብራት ቆጣሪ እየተንከባለለ ይቆጥራል። በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች ሲጫኑ የብረቷ ኳስ ተመትታ ወደ ላይ ትመለሳለች። ልጃቸው ቶሎሳ ሕፃን ሳለ እጁ ለሁለቱም ስለማይደርስ፣ እሱ የቢራ ሳጥን ላይ ቆሞ ግራውን፣ አባቱ ቀኙን ይይዙ ነበር። ካደገም በኋላ ልማዱ አልቀረም።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ቶሎሳ ከሰልፈኞቹ ጋር እንደወጣ ቀረ። ታስሯል ያለም፣ ሆለታ ታይቷል ያለም ነበር። መንገዱ ተዘግቶ እኔም ወደ ሥራም ወደ እናቴም መሄድ አቃተኝ። የታኅሣሥ ነፋስ የጤፍ ገለባ ወደ ክፍሌ ሲያስገባ እሱን ስጠርግ እውል ነበር።

አንድ ከሰዓት ኦቦ ገመቹ በሬን አንኳኩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ግራውን ያዥልኝ።»

«አሁን ጨዋታ ያምርዎታል?»

«ካልነካኩት ይደርቃል። ልጁ ሲመጣ ሠርቶ ይጠብቀው ብዬ ነው።»

ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ደወሉን ሰምተው መጡ። «ኦቦ፣ ከተማው ሐዘን ላይ ነው እኮ» አሉ በሩ ላይ ቆመው። ኦቦ ገመቹ አልተከራከሩም፤ ማሽኑን ከፍተው ደወሉን በጨርቅ ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲያ እህታቸው ከተጂ ከተማ የላኩትን በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ እየቀመስን ያለ ድምፅ እንጫወት ጀመር። ኳሷ ሁልጊዜ የምታመልጠው በእኔ በኩል ነው።

«ግድ የለም፣ እሱም ሲጀምር እንዲህ ነበር» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ያችን ሰዓት ሆነ።

መንገዱ ተከፍቶ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ ምሽት ከታክሲ ወርጄ ወደ ግቢው ስጠጋ ደወሉን ሰማሁት። ጨርቁ ወልቋል። ሮጬ ገባሁ። ቶሎሳ ከስቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ግራውን ይዟል። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ከቀኙ ላለማንሳት እንባቸውን እንኳ አይጠርጉም። ደስ አለኝ፤ ፈጣሪንም አመሰገንኩ። ሰላም ብያቸው ወደ ክፍሌ ገባሁና በግድግዳው በኩል ሳዳምጥ አመሸሁ። ፍሊፐር ያለው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው።

አሁን ልጄ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ግራውን ልያዝልሽ?»

«እማዬ ደግሞ፣ ይሄ ለብቻ ነው የሚጫወቱት» አለችና ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች።