የመኪናው ትንፋሽ

ሰመራ ባለው ቢሮዬ ውስጥ ሥራ ተደራርቦብኝ ደረቴን አፍኖኝ ሳለ፣ ደጅ አንድ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ መኪና ቆሞ «ፍስስስ» አለ። ትንፋሼ ሳላስበው አብሮት መውጣት ጀመረ።

አዋሽ ስንኖር አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንገድ ሊወጣ ሲል ምግብ አይወርድልኝም ነበር። አንድ ቀን ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተው ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝና እጄን ይዞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናው አየሩን ለቀቀ።

«ሰማሽ ልጄ? ቤቱ ሲደርስ እንዲህ ይተነፍሳል። አንቺም ሲጨንቅሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢና በአፍሽ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው። ኢንሻአላህ፣ ትንፋሽሽን ሳትጨርሺ በሩ ላይ ነኝ።»

በማግስቱ በገዋኔ በኩል እንደወጣ ቀረ።

ትንፋሹ ዛሬም ያረጋጋኛል። ሊያልቅ ሲል ግን ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው አውጥቼው አላውቅም።