የዶክተሩ እዝባር

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ፣ ሚስትም ካገባሁ በኋላ ነው። በቀበሌ አዳራሽ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ። ከዚያ በፊት ንፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ የከብት መኖ ፋብሪካ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ ስችል መጋዘን ውስጥ ረዳት አደረጉኝ፤ እያደርም ስቶር ኪፐር ሆንኩ። ወንበር ተሰጠኝ። ተምሮ ያደገ ሰው ወንበር ምን እንደሆነ አያውቅም። ወንበርን የሚያውቅ ወገቡ ያለቀ ሰው ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣብን። የከብት ሐኪም ነው፤ ዶክተር። ጫኞቹ «ከብት መሆናችንን ሰምቶ ሊያክመን ነው የመጣው» እያሉ ያሙታል። ሰውዬው ከደሞዙ ይልቅ ማዕረጉን ይወዳል። አንድ ጊዜ የክበባችን ኃላፊ የስብሰባ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ከስሙ ፊት «ዶ/ር» የምትለዋን ዘነጋት። ዶክተሩ ወረቀቱን ገንጥሎ ይዞ መጣና በሁላችን ፊት ጮክ ብሎ አስነበበው።

«ምን ጎድሎታል?» አለው።

«ኧረ ምንም፣ ጌታዬ።»

«እኔ ጎድያለሁ! እኔ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ በ«ዶ» እና በ«ር» መሀል ያለችውን እዝባር የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ኮምፒውተር ያመጣውም እሱ ነው። አንዱ ቢሮ ገባ፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ መጋዘኑ ውስጥ በፉርሽካ ብናኝ መሀል በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ትእዛዙ አጭር ነበር። ከእንግዲህ ገቢና ወጪ በማሽኑ ይጻፋል፤ በወሩ መጨረሻ በማሽኑ መጻፍ ያልቻለ ቦታውን ይለቃል። በመጋዘን በኩል ወንበር ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማን እየተባረረ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

እኛን እንዲያሠለጥን አንድ ባለ ከረባት ቀጠሩ። ቢሮ ያሉትን በየቀኑ ያስተምራል፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ ነው። የፈረንጁን ፊደል እኔ ከማታ ትምህርትና ከጆንያ ላይ ለቃቅሜዋለሁ፤ በዚያ አላሳፈርኩትም። ማሽኑ ሲነሳ ገጹ ጥቁር ነው። አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። እሷ ጋ የመጻፊያውን ስምና የፋይሉን ስም ጽፈህ ኢንተርን ስትመታ ሰማያዊ ገጽ ይከፈታል። አማርኛ ስለማይገባው ፉርሽካን FURSHIKA፣ ፋጉሎን FAGULO እያልን ነው የምንጽፍለት። ባለ ከረባቱ መክፈቻውን በወፍራም ብዕር ወረቀት ላይ ጽፎ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፈልኝ።

EDIT /R STORE.TXT

«ሳትጨምር ሳትቀንስ እንዲሁ ጻፋት» አለኝ። «ፋይሉን እንዳታበላሽብን።»

የመጀመሪያውን ሳምንት በቀስቶቹ ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። ያን ጊዜ ነው ያቺን እዝባር ያስተዋልኳት። ቀበሌ ያስተማረን መምህር «እዝባር ያለበት ቦታ ቃል ታጥፏል» ብሎናል። ወ/ሮ፣ መ/ቤት፣ ዶ/ር። ከእዝባር በኋላ የምትመጣ ብቻዋን የቆመች አር ደግሞ በእኛ ግቢ ማን እንደሆነች ሕፃን ያውቃል። መቼም ማሽኑን ያመጣው እሱ ነው፤ በእሱ ፈቃድ መከፈቱን ማሽኑም ማወቅ አለበት ብዬ አሰብኩ። ዲዋን ያስቀሯት ቦታ ለመቆጠብ መሰለኝ። የክበቡ ኃላፊ የደረሰበትን አይቼ እንዴት አድርጌ ልንካት? ሌላ ነገር ብስት እንኳ እሷን አልስትም ነበር። EDIT ብዬ፣ እዝባር፣ አር፣ ከዚያ የፋይሉን ስም።

በሁለተኛው ሳምንት «በል እንግዲህ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። አይወጣም። ቁልፉ ይረገጣል፣ ሰማያዊው ገጽ ላይ ግን ምንም የለም። ባለ ከረባቱን ስጠራው በሩ ላይ እንደቆመ እጄን አየ።

«ጣትህ ደንድኗል እኮ። የጆንያ ጣት ነው። ረጋ ብለህ ልመደው።»

አመንኩት። ምን ላድርግ፣ እውነትም የጆንያ ጣት ነው። ጎፋ ቤቴ ገብቼ የጣቶቼን ጫፍ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ የደነደነውን ሁሉ በምላጭ ላጥኩት።

«ምነው፣ ልትሞሸር ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ልጻፍ ነው» አልኳት።

ደም ወጣ እንጂ ጽሑፍ አልወጣም። በማግሥቱ ጣቴን በጨርቅ አስሬ ያንኑ አየሁ፤ በሦስተኛው ቀንም ያንኑ። አንዳንዴ ቁልፉን በጡጫ እለው ነበር።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ዶክተሩ፣ ባለ ከረባቱና የቢሮ ጸሐፊዋ ሦስቱም ከኋላዬ ቆሙ። «የዛሬን ገቢ ጻፍ» አለኝ ዶክተሩ። መክፈቻዋን ምንም ሳላጓድል ጻፍኩ፤ አርዋ ላይ ስደርስ እንዲያውም ሰውዬው እንዲያያት ትንሽ ቆየሁ። ገጹ ተከፈተ። መታሁ፤ የለም። ደግሜ መታሁ፤ የለም።

«እኔ አስተምሬያለሁ» አለ ባለ ከረባቱ።

«አይፈረድበትም» አለ ዶክተሩ። «ያረጀ በሬ ቀንበር አይለምድም።» የከብት ሐኪም አይደል፣ ከከብት ውጭ ምን ያወራል?

ደብዳቤው በማግሥቱ ደረሰኝ። ወደ ጫኝና አውራጅ ተዛውረሃል ይላል። ወንበሩ ከሂሳብ ክፍል ለመጣ ሰው ተሰጠ። እኔ ደግሞ ወደ ጆንያዬ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ክበብ ውስጥ ሻይ ስጠጣ ጸሐፊዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደግ ልጅ ናት፤ ደግነት ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

«ጋሼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እያሰብኩት ነው» አለችኝ። «ያቺን አር ለምንድነው ያላወጧት?»

«የዶክተሩን አር? እኔ ነኝ የማወጣት?»

«የምን ዶክተር?»

ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሻይዋ ልብሷ ላይ እስኪፈስ ሳቀች።

«ኧረ ጋሼ! ሪድ ማለት ናት፤ ማንበብ! እሷ ካለች ማሽኑ ያስነብባል እንጂ አያስጽፍም። እኛን በሁለተኛው ሳምንት አውጧት ብሎናል። እርስዎን አልነገረዎትም?»

ሻዬን ትቼ ተነሳሁና እጇን ይዤ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ወሰድኳት። እሷው ትንገረው፤ እኔን አያምነኝም።

ዶክተሩ ሲሰማ አልተቆጣም። ደስ አለው!

«እኔን ናት ብለህ ነው ያከበርካት?» አለኝ። «እስቲ እንሂድ፣ ጽፈህ አሳየን።» ባለ ከረባቱንም መጋዘን አስጠርቶ የአርዋን ነገር እየሳቀ ነገረው።

አዲሱ ስቶር ኪፐር ተነስቶ ወንበሬን ለቀቀልኝ። እንደተቀመጥኩ ወገቤ አወቀው። EDIT STORE.TXT ብዬ ኢንተርን መታሁ። ከዚያ ያን ጠዋት ራሴ ያወረድኩትን ፉርሽካ፣ ቀጥሎ ፋጉሎውን ጻፍኩ። ወጣ። ነጫጭ ፊደሎች ሰማያዊው ላይ አንድ በአንድ እየተከታተሉ፣ ቁስሉ ባልዳነ ጣቴ።

«ይችላል እኮ!» አለ ዶክተሩ። «ጎበዝ!»

«እንግዲህ ወንበሬስ?» አልኩት።

ጸሐፊዋ መሬት መሬት አየች።

«ደብዳቤው ወጥቷል» አለኝ ዶክተሩ። «የተፈረመ ነገር በየቀኑ አይታጠፍም። ሌላ ጊዜ ክፍት ቦታ ሲገኝ እናይልሃለን።»

«የነገረኝ እሱ ነው» አልኩ ባለ ከረባቱን እያሳየሁ። «ሳትጨምር ሳትቀንስ ያለኝ እሱ ነው።»

«መጠየቅ ነበረበት» አለ ባለ ከረባቱ። የተናገረው ለዶክተሩ ነው፤ እኔን አላየኝም።

አዲሱ ስቶር ኪፐር በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብሎ መዝጊያውን ነካ። ማሽኑ የጻፍኩት ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቀ። ሰውዬው ቀና ብሎ ዶክተሩን አየ።

«ይቀመጥ?»

«ኧረ አይቀመጥ» አለ ዶክተሩ። «የዛሬውን ገቢ አንተ ጽፈኸው የለ? ሁለት ጊዜ ይገባብናል።»

ሰውዬው አንዲት ቁልፍ ነካ። ገጹ ጠቆረ።

ተነስቼ ወጣሁ። ደጅ ከለቡ በኩል የመጣ አይሱዙ መኪና ግማሹ ሳይራገፍ ቆሟል። በሩ ክፍት ስለነበር ጫኞቹ ሁሉን ሰምተዋል።

«ዶክተር!» አለኝ አንዱ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ ጆንያውን በመዳፉ እየመታ። «ቶሎ ድረስ፣ ይሄ በሽተኛ አልነሳም ብሏል!»

ሁሉም ሳቁ። ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ጫነኝ።