በጀርባ የሚሰበክ ወንጌል

አሶሳ ውስጥ ማለዳ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሌባ ነው፤ ሁለት ሆነው ከሮጡ ግን ስፖርተኞች ናቸው። ይህን የተማርኩት አንድ የሌሊት ጥበቃ ቆመጡን ይዞ አስቁሞኝ «ማን እያባረረህ ነው?» ካለኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ጓደኛ ፈለግኩ። ያገኘሁት በዕድሜ የሚበልጠኝ የማንጎ ነጋዴ ነው፤ የበርታ ሰው፣ ሙስሊም፣ በፍጥነቱ የሚኮራ። እሱ ሱብሂ ሰግዶ፣ እኔ ጸልዬ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው አስፋልት ዳር እንገናኛለን። ስንሮጥ አናወራም። ከሰው ጋር ሆኜ መናገር የማይጠበቅብኝ በዚያ ሰዓት ብቻ ስለነበር በጣም እወደው ነበር።

አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን የወንጌል ስርጭት ሰብሳቢ ጌታ በልቡ አዲስ ራእይ እንዳስቀመጠለት ከመድረክ ተናገረ። ራእዩ እኔ ነበርኩ። በባጃጅ ሲያልፍ ስሮጥ አይቶኛል።

«ይህ ወንድማችን በየማለዳው ካልዳነ ሰው ጋር ይሮጣል» አለ። «ወንጌሉ ግን ቆሟል!»

ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔም አልኩ፤ ዝም ብል ይብስ ነበር።

የስርጭቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አንደበት እንደሌለኝ ሁሉም ስለሚያውቅ «ኢየሱስ ያድናል» የሚል ቲሸርት እንዲታተምልኝ ተወሰነ። ክርክር የተነሳው ጽሑፉ የት ይሁን በሚለው ላይ ነው። ደረት ላይ ቢሆን የሚያነበው ከፊት የሚመጣ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከፊት የሚመጣው ደግሞ የጭነት መኪና ነው። ጀርባ ላይ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

እጄን አወጣሁ። «ሰውየው ሁልጊዜ ከፊቴ ነው የሚሮጠው።»

«እንግዲህ ቅደመዋ፣ ወንድሜ» አለ ሰብሳቢው። «እኛም እንጾምልሃለን።»

የአንድ ሰው መዳን በዚህ ዓይነት ባቴ ላይ ተንጠለጠለ። ቲሸርቱ አንድ ቁጥር ያንስ ነበር። መንገዱ ላይ ያለው ዳገት ጋ ስንደርስ ፈጠንኩ፤ እሱም ፈጠነ። በማግስቱ ገና ከመነሻው ፈጠንኩ፤ ዞር ብሎ ገላመጠኝና እሱም ባሰበት። አንድ ማለዳ ግን ቀደምኩት። ፊደሎቹ እንዳይጨማደዱ የቲሸርቱን ጫፍ ወደ ታች እየጎተትኩ፣ ጀርባዬን አቅንቼ ሮጥኩ። ዘወር ስል የለም። ከመንገድ ተመልሶ ሄዷል። በነጋታውም ቀረ፤ ከዚያም ቀረ። አገልግሎቱ ያለችኝን አንዲት ወዳጅነት እየበላት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ቲሸርቱን እንደለበስኩ ገበያ ሄድኩ። ጓደኛዬ አይሱዙ ላይ ማንጎ እያስጫነ ነበር።

«ሩጫ ለወጣት ናት» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «እኔ ሸመገልኩ። ወላሂ፣ ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነገርኩ።»

«ልበልጥህ አይደለም የቀደምኩህ» ብዬ ዞርኩና ጀርባዬን አሳየሁት። ጫኞቹ ሳቁ።

«ይሄን? ይሄማ መጀመሪያ ቀን አነበብኩ፤ ጫማ ስታስር።»

«ታዲያ ለምን ምንም አላልክም?»

«አንተስ ምን አልክ? ቲሸርት ናት። በፊት የሲሚንቶ ቲሸርት ለብሰህ ስትሮጥ ሲሚንቶ ልግዛ?»

«ሲሚንቶውን አላምንበትም» አልኩት። «ይሄኛውን ግን አምንበታለሁ።»

በእጁ የያዘውን ማንጎ አስቀምጦ አየኝ። «እንግዲያ በአፍህ ንገረኝ። ከፊቴ ግን አትሁን።»

ቅዳሜ ጎን ለጎን ሮጥን። ትንፋሽ በፈቀደልኝ መጠን ነገርኩት፤ አባቴ ታሞ በተኛበት ወቅት ብቻዬን እንዴት እንደጸለይኩ፣ አባቴ ሳይድን ቀርቶም እንዴት እምነቴ እንዳልቀረ። ይህን ለኮሚቴውም ነግሬ አላውቅም። ዳገቱ መሐል ላይ ትንፋሼ አለቀና ቃሌ ተቆረጠ። እሱ እርምጃውን ቀነሰልኝ።

እሑድ ሰብሳቢው በሩ ላይ ያዘኝ። «ዳነ?»

«ሰማ።»

«ከፊቱ ሆነህ?»

«ከጎኑ።»

«እጅጌው ላይ ማሳተም ነበረብን» አለ ሰብሳቢው፣ ከልቡ እያዘነ።

ሰኞ በተለመደው ሰዓት ወጣሁ። ይመጣል፣ አይመጣም እያልኩ ወደ አስፋልቱ ስቀርብ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ እግሩን ሲያፍታታ አየሁት።

«አባትህ ከሞተ በኋላስ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። «ከዚያ ቀጥል። ከዚያ ደግሞ እኔ የእኔን አባት እነግርሃለሁ።»