ለአውሮፕላኑ የተፈታው ቴፕ

አጎቴ የእናቴን ቴፕ አስፈትቶ ሞተሩን ለልጁ መጫወቻ አውሮፕላን አደረገው። እናቴን አልጠየቃትም። እኔንማ ማን ይጠይቀኛል። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ በአጎቴ በጋሼ ተክሌ ግቢ ነበር። እሱ ከነሚስቱ በትልቁ ቤት፣ እናቴና እኔ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ። አባቴ ጋምቤላ የጥጥ እርሻ ላይ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ «እስክደላደል ወንድምሽ ጋ ሁኚ» ብሏት ነው የቀረነው። ጋሼ ተክሌ ከረባት የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በአፌ አንቱ እያልኩት አድጌያለሁ፤ በጽሑፍ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ፊደል የተማርኩት ለዚህም ጭምር ነው። እናቴ ልብሱን ታጥባለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች፣ እንግዳው ሲመጣ ወጥ ቤት ትገባለች። ደሞዝ ስለማትጠይቅ ሠራተኛ አትባልም፤ እህት ነው የምትባለው። የአጎቴ ልጅ ሄኖክ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኔ «በሚቀጥለው ዓመት ትገባለህ» የምባል ነበርኩ። ያ የሚቀጥለው ዓመት ሳይመጣ ጢም አወጣሁ።

የኔ ዘመን ሰዎች የካሴት መልእክትን ታስታውሳላችሁ። ፊደል የማያውቅ ሰው ድምፁን ቀድቶ በሾፌር እጅ ይልክ ነበር። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚልክልን። ካሴቱ የናፍጣ ሽታ ይዞ ይመጣል። የደከመ ባትሪ ድንጋያችንን ፀሐይ ላይ አስጥተን ነፍስ እንዲዘራ እንጠብቃለን፤ ወደኋላ ማጠንጠኑ ባትሪ እንዳይጨርስብን ካሴቱን በእስክሪብቶ ቂጥ አዞረው ነበር። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ይመጣል፤ ከኋላው ትራክተር ሲያጓራ፣ ሰዎች ሲሳሳቁ። መልስ ስትቀዳ እናቴ የሰርቪሷን በር ትዘጋለች፤ ቀዩንና ማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ትጫናለች፤ አፏን ወደ ቴፑ ታስጠጋለች። ቀን ቀን ዝም የምትል ሴት ያኔ ትናገር ነበር። እትዬ አስቴር፣ የአጎቴ ሚስት፣ ምን እንዳለቻት፤ እጇ በሳሙና እንዴት እንደተላጠ፤ እኔ ደጅ ለደጅ እንደምውል። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ እሰማለሁ፤ የሷን ልብ ያወቅኩት በዚያ ነው።

ሰርቪሷ ውስጥ በመጨረሻ የሰማናት ካሴት ላይ አባቴ እንዲህ አለ፤ «ቤት አግኝቻለሁ። ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል፤ ግን የራሳችን ነው። ትመጪያለሽ? ወይስ ወንድምሽ ጋ ይሻልሻል? ቁርጡን ንገሪኝ፤ ቤቱን ለሰው እንዳልለቅ።» እናቴ ደጋግማ ሰማችው። ሳቀች። ያንን ሳቅ ዛሬም ብፈልገው አላገኘውም። ሾፌሩ ሳምንቱ ሳያልቅ እመለሳለሁ ስላለ፣ ባትሪ ድንጋዮቹን ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣኋቸው።

በዚያው ሰሞን ሄኖክ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ነጭ ፎም ክንፉን ቆረጠ፤ ከሥሩ እንደ ነጠላ ጫማ ሁለት መንሳፈፊያ አደረገለት፤ ሪሞቱን ከተሰበረች መጫወቻ መኪናው ፈታ። እጁ ጥሩ ነበር። እሱን አልጠላውም። የቸገረው ሞተሩ ነው፤ እኛ ዲናሞ እንለው የነበረው። ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀድቼ አመጣሁና ግቢው መሃል አስቀመጥን። መጀመሪያ የመጫወቻ መኪናዋን ዲናሞ ሞከርን፤ ፕሮፔለሩን አዞረችው፣ ፎሙን ግን ንቅንቅ አላደረገችውም። ቀጥሎ ከጋራዥ የመጣ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ዲናሞ ገጠምን፤ አውሮፕላኑ ገና ሳፋው ላይ ሲቀመጥ አፍንጫውን ነከረ። ጋሼ ተክሌ ወንበር አስወጥቶ እንደ በሬ ገዢ ይመለከታል።

«ጉልበት ያለው ይከብዳል፤ ቀላሉ ደግሞ ጉልበት የለውም» አለ ሄኖክ ተናዶ። «የቴፕ ዲናሞ ቢሆን ኖሮ መሃከለኛ ነበር።»

እትዬ አስቴር ደንግጣ ከበረንዳው ጮኸች። «የሳሎኑን ዴክ ልትነኩ?»

«አብደሻል እንዴ! እነዚህ ጋ ያለው አለ አይደል?» አለና ጋሼ ተክሌ በአገጩ ወደ ሰርቪሱ አመለከተ።

የሳሎኑ ዴክ፣ ትልቁ በመብራት የሚሠራው ቴፕ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ አበባ ተቀምጦበት፣ እንደ ታቦት የሚከበር ነበር። እናቴ ከልብስ ማጠቢያው ቀና አለች። «ጋሼ፣ እሷ እንኳ... ለልጁ አባት መልስ የምቀዳባት...»

«ታዲያ በኔ ዴክ አትቀጂም? ምን ልዩነት አለው? እንዲያውም በመብራት ነው የሚሠራው፤ ከድንጋይ ማስጣት ትገላገያለሽ።» ከልቡ ነበር ያለው። ቸርነት የሠራ መስሎት ነበር፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሌባ ቢሆን ሌባ ብዬ እሰድበው ነበር።

ሮጬ ገብቼ ቴፑን አቀፍኩ። «ወዲያ በል አንተ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» ብሎ ከእቅፌ ወሰደው። እናቴን አየኋት። የሳሙናውን አረፋ ከእጇ ጠረገችና «ይሁን፣ ይውሰዱት» አለች። በወንድሟ ቤት የምታድር ሴት ሌላ ምን ትላለች። ሄኖክ በካቻቢቴ ብሎኖቹን እየፈታ መሬት ላይ ደረደራቸው። ዲናሞው የጣት ያህል ነገር ነው። ያ ሁሉ የአባቴ ወሬ በዚያ እንደሚዞር አላውቅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት አሞራ ገደል ወረድን። ሐይቁ የዓሣና የሣር ሽታ ይሸታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ቆመዋል። አውሮፕላኑ ውሃ ላይ ተቀመጠ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ሄደ። ሄደ እንጂ አልተነሣም። ሄኖክ ሪሞቱን ወደላይ እያነሣ ሊያስነሣው ይታገላል። ዳር ያሉት ዓሣ የሚሸጡ ልጆች በሳቅ ሞቱ። «ኧረ ይቺ ዳክዬ ናት!» «ፓይለት፣ እንቁላል ትጥላለች እንዴ?» እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ አውሮፕላኑ ከሪሞቱ ርቀት ወጣ። ሄኖክ ቁልፉን ቢጫን ቢጫን አልሰማውም፤ ንፋሱ ወሰደው፣ ሸምበቆው ውስጥ ገባ። ታንኳ ያለው ሰው ለመንን፤ «ለፎም ነው የምቀዝፈው?» አለን። ነጩ ክንፍ ጥቂት ታየ፤ ከዚያ አልታየም። ዲናሞው መልሶ ይገጠማል ብዬ ተስፋ ያደረግኩት እስከዚያች ሰዓት ነበር።

ሾፌሩ መጣ። እናቴ ከጎረቤት ቴፕ መዋስ ትችል ነበር፤ ግን ጎረቤት ቤት ሄዶ የቤትን ገመና መናገር ሞት ነው። ስለዚህ ሳሎን ተጠራች። ዳንቴሉ ተነሣ። ጋሼ ተክሌ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እትዬ አስቴር አጠገቡ። እሱ ራሱ ቁልፉን ተጫነላትና መጀመሪያ ሰላምታውን አቀረበ፤ «ቤተሰብህ በደህና እጅ ነው፣ አታስብ» ብሎ። ከዚያ ወደ እናቴ በእጁ ጠቆመ፤ ተናገሪ። እናቴ ቆማ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ካሴቱ ይዞራል። እኔ በሆዴ «ና ውሰደን በይው፣ በይው» እላለሁ። «ደህና ነን» አለች። «ወንድሜ ጋ ምን ጎድሎን። ስለኛ ሐሳብ አይግባህ።»

ቁርጡ ይኸው ሆነ። አባቴ በመለሰው ካሴት ደስ ብሎኛል አለ፤ ቤቱን ለሌላ ሠራተኛ ለቅቄዋለሁ አለ። እሱንም የሰማነው ሳሎን፣ ከነሻዩ ነው። ካሴቶቹ እያደር ሳሱ። ኋላ ሾፌሩ አንገቱን እያከከ አባቴ ሌላ ሚስት ማግባቱን ነገረን። እናቴ «እሰይ፣ ብቻውን እንዳይሆን» ብላ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

እኔ ሐይቁ ዳር ቡሹሎ ወርጄ መረብ ጎታችም ሆንኩ፣ ጋራዥ ለጋራዥም ተንከራተትኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ አንደኛ ክፍል በገባች ዓመት ነው፤ እሷ ቀን፣ እኔ ማታ። ጋሼ ተክሌ ቤት እግሬን አላነሣም ብዬ ዓመታት አለፉ። ሲያረጅና አልጋ ሲይዝ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ ለአንድ ዲናሞ ይህን ያህል?» አሉኝ። ለካሳ ምን ትፈልጋለህ ሲሉኝ፣ የሆነውን ጋሼ ተክሌ በራሱ አፍ ለአባቴ ይንገረው አልኩ። የአባቴን ስልክ ከሾፌሮች ካገኘሁ ቆይቶ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምደውል አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳሎን ተሰበሰብን፤ እናቴም ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ለአባቴ ደወልኩና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጋሼ ተክሌ ከዘራውን ተደግፎ ተናገረ፤ «ቴፑን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። መልሱን ስትቀዳም ከፊቷ ቁጭ ብዬ ነበር። በነፃነት የተናገረችው አይደለም።» «ተቆረጠ እንዴ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «አልተቆረጠም» አለ አባቴ። ድምፁ አርጅቷል። «እኔ ምርጫዋ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እሷስ አለች?»

እናቴ ከጥግ ተነሣች። ስልኩን አንስታ በእጇ ለሁላችንም በሩን አሳየችን። ሽማግሌዎቹ ወጡ፤ እትዬ አስቴር ወጣች፤ ጋሼ ተክሌን ሄኖክ ደግፎ አወጣው። በሩን ዘጋችብን። አጎቴ ከገዛ ቤቱ ደጅ ቆመ።

ዛሬ ሐይቁ ላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣው ድሮን እንደ ንብ ይጮኻል፤ ሲያሻው ይነሣል፣ ሲያሻው ያርፋል። ልጄ ባጃጅ ውስጥ ስልኳን አፏ ላይ ደቅና ለጓደኞቿ ድምፅ ትልካለች፤ የተናደደችውን፣ የወደደችውን፣ ሰው እየሰማት። ገመና ቀረ እያሉ ትልልቆቹ ያማርራሉ። ይቅር! ከፊቷ ተቀምጦ የምትለውን የሚጠብቅ የለም። እኛ ደግሞ ያን ዕለት ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየመታን ቆየን። እናቴ ምን እንዳለችው አልነገረችንም፤ እኔም አልጠየቅኳት። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ለአጎቴ ወንበር እንዳላመጣንለት አይታ ተቆጣችን። ነገሩ ያኔ አለቀ።

ጥቅምት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.