ጠመኔውን በሁለት እጅ

አጎቴ፣ ካራ ሰፈር ያለውን እስላማዊ ትምህርት ቤታችንን ሲመሩ፣ አረፈደ ብለው አስተማሪ ተቆጥተው አያውቁም። ክፍሉ ገብተው ራሳቸው ያስተምሩ ነበር።

እዚያው ማስተማር በጀመርኩበት ሳምንት ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ አጥቼ አረፈድኩ። ስደርስ የእኔን የሒሳብ ክፍል እያስተማሩ ነው! በሩ ላይ ቆምኩ። ቤት ውስጥ «አንቺ ልጅ» የሚሉኝ አጎቴ ጠመኔውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝና፣ «መምህርት፣ ይቀጥሉ። እኔም ልማር» ብለው ከልጆቹ ጋር የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። እስኪደወል ድረስ ደብተር ይዘው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ አርፍጄ አላውቅም።

አጎቴን ከቀበርናቸው በኋላ በመጣው ሰኞ፣ ደወሉ ሳይደወል አስተማሪው ሁሉ ክፍል ገብቷል። የሚያየን አለቃ ግን አልነበረም። አላህ ጀነቱን ይወፍቃቸው።

ልጆቹ የኋላውን ዴስክ ጫፍ ክፍት ትተውታል። ጠመኔውን አንስቼ ቀጠልኩ።