ሸሚዞቹን ለልጁ ቀሚስ ቆረጥኳቸው

ዛሬ አንድ አባት የልጁን ቀሚስ አቅፎ ስፌት ቤቴ ውስጥ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሚስቱ ናት ባለፈው ወር ሸሚዞቹን በሙሉ አምጥታ፣ «ጥሎን ከሄደ ቆየ፤ ለልጄ ቀሚስ አድርጊልኝ» ያለችኝ። ቆርጬ ሰፋሁት፤ ገና መጥታ አልወሰደችውም።

ዛሬ ሰውዬው ሲመለስ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ያለው አፓርትመንታቸው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ጎረቤት ሸሚዞቹ እኔ ጋ እንደመጡ ነግሮ ላከው።

«እህቴ፣ ሸሚዙ ይቅር። የት ሙቭ እንዳደረጉ ብቻ ንገሪኝ።»

አውቃለሁ። ግን ላልናገር ለሚስቱ ምያለሁ። (እኔ የተማርኩት ኮሌታ መገልበጥ እንጂ ሰው ማስታረቅ አይደለም።)

ቀሚሱን ዘርግቶ አየው። «ይሄማ ለሷ ትልቅ ነው።»

«ልኳ ነው፤ አድጋለች» አልኩት።

ያኔ ነው ያለቀሰው። አድራሻውን ሳልነግረው ሄደ።

ከሄደ ጀምሮ መስፋት አቅቶኛል። እንዲህ ባልና ሚስት መሃል ገብታችሁ የምታውቁ፣ ምን አደረጋችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ።